የአያ ሰይድ ግራ ክንድ

ከወልድያ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ጎብዬ ላይ ሲቆም ጥንቅሽ የሚሸጡ ሴቶች መስኮቱን ከበቡት። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት አንድ ዘንግ ገዛችና ከመላጧ በፊት ከቦርሳዋ አልኮል አውጥታ እጇን አሸች። የአልኮሉና የጥንቅሹ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ በነጠላዬ አፌን ሸፈንኩ። ፊቴን ወደ ውጭ አዞርኩ።

«አሞሽ ነው እንዴ?» አለችኝ።

«የለም፣ መኪና አይስማማኝም» አልኳት። መኪናው ከቆመ አምስት ደቂቃ ሆኖታል።

ወደ ቆቦ የምሄደው አያ ሰይድ ስለጠራኝ ነው። የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። «ሳልሞት ትምጣልኝ፣ የምጠይቃት አለኝ ብሏል» ብሎ ልጁ መሐመድ ደውሎልኝ ነበር። የሚጠይቀኝን አውቀዋለሁ። ከጎብዬ ቆቦ አፍንጫ ሥር ነው፤ እኔ ግን በዚያች አጭር መንገድ ዘጠኝ ዓመቴ የነበረበትን አንድ መኸር ሙሉውን ተመላለስኩበት።

ቤታችን ከቆቦ በታች፣ የዞብል ተራሮች ፊት ለፊት በሚታዩበት ሜዳ ላይ ነበር። ማሽላው ከሰው ቁመት ሲያልፍ አባቴ ከብቱን ማሳ እንዳይገባ ወደ አፋር ጠረፍ ይዞት ይወርዳል፤ አጨዳ እስኪደርስ አይመለስም። እሱ በሌለበት ጊዜ የቤታችን ራስ አያ ሰይድ ነበር። እውነቱን ለመናገር አባቴ እያለም ያው ነው። የእናቴ አባት ቀድሞ ስለሞተ ያሳደጋት፣ የዳራትም አያ ሰይድ ነው። እናቴ ፋጡማ ለባሏ ቤተሰብ የምትለው ነገር ካላት ለእሱ ትነግረዋለች፣ እሱ ይናገርላታል። ቀበሌ ጉዳይ ካላት እሱ ይሄዳል። እኔም ብሆን እንግዳ ስሜን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ የማየው የአያ ሰይድን ዓይን ነው። እሱ «ንገሪው» ሲለኝ ነው ዘሀራ መሆኔን የማስታውሰው።

እንዲህ ስል ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። ከገበያ ሲመጣ በሽርጡ ጫፍ ከረሜላ ቋጥሮልኝ የሚመጣ፣ ጎርፍ የሞላ ወንዝ በትከሻው የሚያሻግረኝ ሰው ነው። እወደው ነበር ማለት ያንሳል። በግራ ክንዱ ላይ፣ ከክርኑ ከፍ ብሎ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተደረደሩ ሦስት ክብ ጠባሳዎች ነበሩት። እጅጌው ሲሰበሰብ በጣቴ እየነካሁ «ይሄ ምንድን ነው አያ?» እለዋለሁ።

«ጅብ ነክሶኝ ነው» ይለኛል።

እኔም አመንኩ፤ ለሰፈሩ ልጆች ሁሉ አወራሁ። አንዷ «ጅብ እንዲህ ክብ ክብ አድርጎ አይነክስም» ብትለኝ በድንጋይ ልፈነክታት ደረስኩ። እናቴ የጅቡ ነገር በተነሳ ቁጥር ሥራ ታገኛለች። ወይ እንጨት ሊመጣ ነው፣ ወይ ጥጃው ተፈቷል።

አያ ሰይድ ሰው በተሰበሰበበት የሚወዳት ወግ ደግሞ የእናቴ ኒካ ወግ ነበረች። ወኪሏ እሱ ነው። ቃዲውና የሙሽራው ወገን ውጭ ተቀምጠው እሱ ወደ ውስጥ ገብቶ «ፈቅደሻል ወይ?» ብሎ ሦስት ጊዜ ጠየቃት። ሦስቱንም ጊዜ ዝም አለች። ወጣና «ፈቅዳለች» አለ። «የልጃገረድ ዝምታ እሺታ ነው፤ አዎ ብላ ብትጮህ ነበር የምደነግጠው» ይልና ይስቃል፣ ሰውም ይስቃል። እናቴ ዓይኗን መሬት ትተክላለች።

አንድ ቀን እንሰራ ይዘን ከውሃ ስንመለስ «እማ፣ እውነት ዝም አልሽ?» አልኳት።

«ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር» አለችኝ።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ወንድሜ ተወለደ። በጠዋት ነው፤ የጤና ኬላዋ ሴት መጥታ አዋለደቻት። ሕፃኑ አለቀሰ፣ ጎረቤቶቻችን እልል አሉ። ከዚያ እልልታው ቀስ በቀስ ቀረ። የእንግዴ ልጁ አልወጣ ብሎ ነበር። ሰሌኑ ላይ የሚፈሰውን ደም ሴቶቹ በነጠላ ሊሸፍኑብኝ ቢሞክሩም ነጠላውም ቀላ። ወንዶቹ ቃሬዛ አበጁና እየተፈራረቁ እስከ አስፋልቱ ተሸከሟት። እኔን ነይ የሚለኝም ሂጂ የሚለኝም አልነበረም። የእናቴን የልብስ ጫፍ ጨብጬ ስለነበር አምቡላንሱ ላይ አብሬ ተጫንኩ። በሌላ እጄ ጠዋት ስበላ የነበረውን የጥንቅሽ ዘንግ ይዣለሁ፤ ለምን እንዳልጣልኩት አላውቅም።

የወሰዱን ሐኪም ቤት የት እንደነበር አልናገርም። ሰዎቹ አልበደሉንም፤ የጎደለው ዕቃ ነው። የእንግዴ ልጁን አወጡላት። ከዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ሁሉም «ሲስተር» የሚሏት ሴት ወጥታ «ደሟ በጣም ወርዷል» አለች። እኔ ወርዶ የት እንደደረሰ ለማየት አልጋው ሥር አጎነበስኩ። ሥሩ ባዶ ነበር፤ አንድ ሰማያዊ ባልዲ ብቻ። ደሙ ሌላ ቦታ ከሄደ ይገኛል ብዬ ትንሽ ደስ አለኝ።

ደም የሚሰጥ ዘመድ ሲፈለግ አያ ሰይድ ገና ጥያቄው ሳያልቅ እጅጌውን መሰብሰብ ጀምሮ ነበር፤ የቀኝ እጁን እጅጌ። ከእናቴ ደም ጋር ይስማማል ተባለ፣ ቀዱለት። የአልኮሉ ሽታ ኮሪደሩን ሞልቶታል። እኔ ግድግዳ ተደግፌ ጥንቅሼን እመጠምጣለሁ። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ያኔ ግን ርቦኝ ነበር።

ሲስተሯ ከላብራቶሪው ስትመለስ ከአያ ሰይድ ፊት ቆመች። አብረውን የመጡት ወንዶችም ተሰበሰቡ።

«አባት፣ ልብ ብለው ይስሙኝ» አለችው። «ደምዎን ለሌላው ሁሉ መርምረነዋል፣ ደህና ነው። የጉበቱን በሽታ የምናይበት መመርመሪያ ግን አልቆብናል። ተመርምሮ ያለቀለት ደም አስልከናል፣ እስከ ከሰዓት ይደርሳል። እስከዚያ መቆየት ለእሷ አደጋ አለው። ይሄን ሳይመረመር መስጠትም አደጋ አለው። የወፍ በሽታ ይዞዎት ያውቃል? ዓይንዎ ቢጫ ሆኖ ያውቃል?»

«ኧረ የለም!» አለ አያ ሰይድ። «የእናቴ ልጅ ናት እኮ! የወንድም ደም ምን በሽታ ይኖረዋል?»

«ልክ ነው» አሉ ወንዶቹ። «የራሷ ደም ማለት አይደለም?»

እዚያ ከቆሙት አንድም ሰው ይሄን አልተጠራጠረም። ባዕድ ደም ነው የሚያስፈራው፤ የሥጋ ዘመድ ደም ምርመራ ይፈልጋል ማለት ለእነሱ ስድብ ነበር።

«ያም ሆነ ይህ ነቅታለች፤ ለእሷ ነግረናት እሷ ትወስን» አለች ሲስተሯ። ከዚያ ከወዲያኛው ክፍል ሌላ ወላድ ጮኸችና እየሮጠች ሄደች።

እኔ ወደ እናቴ ገባሁ። ከንፈሯ አመድ መስሏል። ጎረቤታችን ሕፃኑን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። እናቴ በጣቷ ጠራችኝና ጆሮዬን አፏ ላይ አስጠጋሁ።

«የማን ደም ነው?» አለችኝ።

«የአያ ሰይድ!» አልኳት። ደስ እንዲላት ብዬ ነው።

ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ ገለጠችው። «ለሲስተሯ ንገሪያት። የወንድሜን ግራ ክንድ ይዩት በያት። ለሷ ብቻ። ሮጥ በይ።»

ሮጥኩ። ምን ማለት እንደሆነ አልገባኝም። ጅብ ያልፈራ ሰው መሆኑን እንዲያውቁ ነው ብዬ ነበር የገመትኩት። ሲስተሯ የገባችበት በር ተዘግቷል። ኮሪደሩ መሐል አያ ሰይድ ክንዱን በጥጥ ይዞ ተቀምጧል።

«ወዴት ነው ሩጫው የኔ እናት?»

ምን ላድርግ? እኔ ለታላቅ መዋሸት አላውቅም፤ ታላቅን አልፎ ለባዕድ መናገርም አላውቅም። «እማ ለሲስተሯ ንገሪ ብላኝ ነው። ግራ ክንድህን ይዩት አለች።»

ፊቱን አሁንም አየዋለሁ። አልተቆጣም። የግራ እጁን እጅጌ ወደ ታች ጎተተና አንጓው ላይ ያለችውን ቁልፍ ቆለፋት። ሁለቴ አመለጠችው።

«እሺ፣ እኔ እነግራታለሁ» አለኝ። «ልጅ ሐኪም አያናግርም። ሂጂ እናትሽ ጋ።»

ተገላገልኩ። አያ ሰይድ እነግራለሁ ካለ ተነገረ ማለት ነው።

ብዙ አልቆየም፣ እሱና ሲስተሯ ተከታትለው ገቡ። እናቴ እሱን አላየችም፣ እሷንም አላየችም፤ እኔን ነው ያየችኝ። ነገርሻት ወይ እያለችኝ ነው። አንገቴን ነቀነቅኩላት። በትልቁ ነው የነቀነቅኩላት፤ ታዛዥ ልጅ እንደሆንኩ እንድታውቅ።

እናቴ ዓይኗን ጨፈነች።

አያ ሰይድ አልጋው አጠገብ ተንበርክኮ «ፋጤ፣ ደሜን ሊሰጡሽ ነው። ፈቅደሻል?» አላት። ዝም አለች። ሁለተኛ ጠየቃት። ሦስተኛ ጠየቃት። ከዚያ ተነስቶ «ፈቅዳለች» አለ።

«ምንም አላለችም እኮ» አለች ሲስተሯ። «ስለ ምርመራውም ገና አልነገርናት። በራሷ አፍ ብትናገር—»

«ወኪሏ እኔ ነኝ። በኒካዋም ዝም ብላ ነው የፈቀደችው። አሁን እኅቴ እየሞተች ነው፣ ወረቀቱን አምጪ!»

ሲስተሯ የእናቴን እጅ ይዛ የደም ሥሯን ምት ቆጠረች፤ ሰዓቷን አየች፣ ወደ በሩ አየች። ደም የሚያመጣው መኪና አልመጣም። ወረቀቱን አመጣች። አያ ሰይድ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ አተመ። የእናቴ ስም በተጻፈበት ቦታ ላይ ነው የእሱ ጣት ያረፈው። ከዚያ ቀዩ ከረጢት ተሰቀለ። ጠብ ጠብ ሲል ቆጠርኩት፤ እስከ መቶ ደርሼ ደገምኩ። ማታ ላይ የእናቴ ከንፈር ቀላ። «አልሐምዱሊላህ» አለ አያ ሰይድ፣ ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሰው ሲጠይቀን «ደሙ አዳናት» ነበር የምንለው። ሐሰት አልነበረም።

ጥቅምትን በደህና አሳለፍን። እናቴ ሕፃኑን እያጠባች ደጅ ፀሐይ ትሞቃለች። አያ ሰይድ በመጣ ቁጥር «አሁንማ እንደኔ ቁጡ ትሆኛለሽ፣ ደሜ ነው ያለብሽ» እያለ ይቀልድባታል። እሷ ፈገግ ትላለች፤ ክንዱን ግን ሰርቃ ስታየው ሁለት ሦስቴ አይቻታለሁ። ሲስተሯ አይታ የፈቀደችው ክንድ እንደሆነ ነበር የምታስበው።

ኅዳር ሲገባ ማሽላው እሸት ሆነ፣ ግሪሳ ወፍ ወረደ። ያ የልጆች ሥራ ነው። በማሳው መሐል ከፍ ብሎ በእንጨት የተሠራ ማማ አለ፤ እዚያ ላይ ቆመን ወንጭፍ እናጮሃለን፣ ቆርቆሮ እንደበድባለን። ወፎቹ እንደ አንድ ጨርቅ ይነሱና በቤታችን ጣሪያ ላይ አልፈው ወደ አስፋልቱ ይሄዳሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይመለሳሉ። ኃይለኛ ወንጫፊ ነበርኩ፤ በዚህ ዛሬም አልታማም።

በወሩ መጨረሻ እናቴ ምግብ አስጠላት። ወጥ ሲሸታት ትወጣለች። ሽንቷ እንደ ጠቆረ ሻይ ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ፊቷን ስታጥብ ቀና አለችና የዓይኗን ነጭ አየሁት፤ እንደ እርድ ቢጫ። ጎረቤታችን ደረቷን መታች። «የወፍ በሽታ ነው! ወፍ አልፎባት ነው!» አለች።

ሌሎቹ የሌሊት ወፍ እንደሆነ ያውቃሉ። እኔ ግን ወፍ የማውቀው አንድ ነው። በጣሪያችን ላይ የሚያልፈው ወፍ ደግሞ እኔ ከማሳው ያባረርኩት ነው።

በማግስቱ ማማው ላይ ወጣሁና ወንጭፉን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ግሪሳው መጣ። አንዱ አገዳ ላይ አሥርም አሥራ አምስትም ሆነው ሲያራግፉት አየኋቸው። አላንቀሳቀስኳቸውም። እዚያው ይብሉ፣ እማ ላይ አይለፉ አልኩ።

አያ ሰይድ ከሰዓት ሲደርስ የማሳው አንድ ጥግ ባዶ ራስ ሆኖ ቆሟል። ዱላውን አነሳ። «ተኝተሽ ነው አንቺ ልጅ? የዓመት ቀለባችንን አስበላሽው!»

«አልተኛሁም» አልኩት እያለቀስኩ። «ካባረርኳቸው በቤታችን ላይ ነው የሚያልፉት። እማን ያሳመምኳት እኔ ነኝ።»

ዱላው ወረደ። አያ ሰይድ ማማው ሥር ተቀመጠና የግራ ክንዱን በቀኝ እጁ ጨበጠ። አንዲት ቃል ብቻ ነበር የሚጠበቅበት፤ አንቺ አይደለሽም ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ቀና ብሎ «ወፍ ነው» አለኝ። «አላህ ያመጣው ወፍ ነው። ለማንም እንዳታወሪ።»

ከዚያ ወንጭፉን ከእጄ ወሰደ፣ በቤታችን በኩል ቆመ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ወፎቹን ወደ ዞብል አቅጣጫ ሲያባርር ዋለ። እሱ እንኳ ቤታችንን ከወፍ ሲከላከል ሳይ የቀረችኝ ጥርጣሬ ሄደች። እናቴን እየገደልኳት እንደሆነ አወቅኩ። ብዙ ነገር ይቅር ብዬዋለሁ፤ ያችን ከሰዓት ግን ዛሬም ሳስባት ይቆጨኛል፣ ያናድደኛልም።

እናቴን ቆቦ አሳከምናት። ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ ጉበቷ መታመሙን ነገራት፣ በደም የሚተላለፍ ዓይነት ነው አላት። «በቅርቡ ደም ወስደሽ ነበር?» ሲላት ወለሉን አየች።

በባጃጅ ስንመለስ እጄን ያዘችኝ። እጇ ይግላል።

«ዘሀርዬ፣ ያን ቀን ለሲስተሯ ነግረሻታል?»

«ለአያ ሰይድ ነገርኩት። እኔ እነግራታለሁ አለኝ።»

ባጃጁ አቧራውን እያቦነነ እስከ ሰፈራችን መታጠፊያ ድረስ እጄን አልለቀቀችም። ስንወርድ የእንጨት አጥሩን ተደግፋ ቆመች።

«እንዲህ ነው ያሳደግንሽ» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

የጅቡንም ነገር እዚያው ነገረችኝ። አያ ሰይድ ከማግባቱ በፊት ለንግድ አፋር ወርዶ ሲመለስ ዓይኑ እንደ አሁኑ የእሷ ዓይን ቢጫ ነበር። በጋለ ብረት የሚተኩስ ሰው ተጠርቶ ክንዱን ሦስት ቦታ ሲተኩሰው እጁን ይዛ ያስተኛችው እሷ ናት። ሙሽራ ሊድሩለት የነበሩት ሰዎች እንዳይሰሙ ለማንም በአፏ እንዳትናገር አስማላት። ቢጫው ለቀቀው፣ ድኛለሁ አለ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእሱን በሽታ የደበቀችለት ግን እናቴ ነበረች። ለዚህ ነው ያን ቀንም ክንዱን ይዩት ያለችው። በአፏ ሳትናገር በዓይናቸው እንዲያዩት።

«ቢነግሩኝ ምናልባት ስጡኝ እል ነበር» አለች። «የአራስ ልጅ እናት ነኝ፣ መሞት አልፈልግም። ግን ሊነግሩኝ ይገባ ነበር ዘሀርዬ። የገባው የኔ ገላ ውስጥ ነው።»

ወፎቹ እንዳልሆኑ በዚያ አወቅኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንገቴን እንዴት አድርጌ እንደነቀነቅኩላት ትዝ አለኝና አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ።

አጨዳው አልቆ አባቴ ሲመለስ እናቴ ከመኝታ አትነሳም ነበር። ሆዷ አብጧል፣ ቀን ሙሉ ትተኛለች፣ አንዳንዴ የማላውቃቸውን ሰዎች ስም ትጠራለች። ወንድሜን የጎረቤት ሴት የፍየል ወተት ታጠጣዋለች። አንድ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሽማግሌዎች ዱዓ ሊያደርጉላት መጡና ግራሩ ሥር ተቀመጡ። እኔ ውስጥ ሆኜ ዝንቡን እከላከልላታለሁ። የዚያን ዕለት ደህና ነቅታ ነበር፤ ውሃ ጠይቃኝ ጠጥታለች።

አያ ሰይድ ብቻውን ገባ። አልጋዋ አጠገብ ልክ እንደዚያ ቀን ተንበረከከ።

«ፋጤ፣ አፉ በይኝ፤ ይቅር በይኝ።»

ዝም አለች። ዓይኗ ተገልጧል።

«እኅቴ፣ ስለ አላህ አፉ በይኝ።» የአልጋዋን ጠርዝ ጨበጠ። «ትሞችብኛለሽ ብዬ ነው። ድኛለሁ ብዬ ነው።»

ዝም።

ሦስተኛ ጊዜ ጠየቃት። እናቴ ፊቷን ከእሱ ወደ እኔ አዞረች፤ ያን ቢጫ ዓይኗን እኔ ላይ አሳረፈችው። በዚህኛው ጊዜ አንገቴን አላንቀሳቀስኩም። እሷም ምንም አላለች። አያ ሰይድ ዓይኑን ጠርጎ ተነሳና ወጣ። እኔም ተከተልኩት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ለሽማግሌዎቹ። «አፉ ብላኛለች።»

«አላለችም!»

የጮኸው ማን እንደሆነ ለማወቅ እኔም ዞር ማለት አሰኝቶኝ ነበር። ሁሉም ያዩት እኔን ነው። «አላለችም። ሦስቴ ጠየቃት፣ ዝም ነው ያለችው። ያኔም እሺ አላለችም!»

ጎረቤታችን መጥታ አፌን በእጇ አፈነችኝ። አንድ ሽማግሌ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ኀዘን ነው የሚያናግራት» አሉ። ዱዓው ቀጠለ። አያ ሰይድ ግን ከዚያ በኋላ እጁን አላነሳም፤ ዱላውን ጨብጦ መሬቱን ያይ ነበር። እናቴ እሑድ ጠዋት ሞተች።

ቆቦ ስደርስ ከመናኸሪያው ባጃጅ ያዝኩ። አያ ሰይድ ጓዳ ውስጥ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ያ ጎርፍ የሚሻገር ትከሻ የለም። ሆዱ ብቻ ከፍ ብሏል። መጋረጃውን ስገልጥ ብርሃኑ ፊቱ ላይ አረፈና ዓይኑን አየሁት። ያን ቀለም የትም ባየው አውቀዋለሁ።

«መጣሽ የኔ እናት» አለኝ። መሐመድን በእጁ አስወጣው። ከዚያ ትንፋሹን እየሰበሰበ «ያን ቀን እውነቱን አንቺ ነበርሽ የተናገርሽው። ዝም ነው ያለችኝ» አለ። «አሁን ማንን ልጠይቅ? አፉ በይኝ። በእሷ ቦታ ሆነሽ።»

ይህንን ስፈራ ነበር የመጣሁት። እጁን ያዝኩት፤ ከስቶ ቀልሏል። አለቀስኩ፣ እሱም አለቀሰ።

«የኔን አፉ ብዬሃለሁ አያ፣ የወፎቹንም። የእሷን ግን ወኪሏ አይደለሁም።»

ራሱን ነቀነቀ። ጋቢው ከክንዱ ላይ ተንሸራትቶ ነበር፤ ሦስቱ ክቦች ቆዳው ሲላላ ተለጥጠው አንዱ ከአንዱ ሊነካካ ደርሷል። ከደጅ የመሐመድ ልጆች ሲጫወቱ ይሰማል።

«መሐመድ ያውቃል?» አልኩት።

ጋቢውን መልሶ ክንዱ ላይ ሳበ።

«ሚስትህስ? ሌሎቹ ልጆችህ? መመርመር አለባቸው እኮ አያ። ዛሬ መመርመሪያውም ክትባቱም አለ።»

«አንቺ ንገሪልኝ» አለ።

ተነስቼ በሩን ከፈትኩና መሐመድን ጠራሁት። «ግባ፣ አባትህ የሚነግርህ ነገር አለ» አልኩት። ገብቶ በእግሩ በኩል፣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አንዴ እኔን አንዴ አባቱን ያያል። አያ ሰይድም እኔን አየኝ። ነገሩን እንዳነሳለት፣ ቢያንስ እንድጀምርለት እየለመነኝ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት።

እሱ ዝም አለ። እኛም ቁጭ ብለን ጠበቅነው።